እባቡ መጣ ወይስ እኛ ሄድን? አዳማና የመርዘኛ እባቦች ካርታ

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ በአዳማ ዳርቻ ሰፈሮች አንድ ወሬ ይነሣል፤ እባብ በዛ። ቦኩ አካባቢ ቤት የሠራውም፣ በወንጂ መንገድ ጅምሩን ቆርቆሮ አልብሶ የገባውም፣ አዋሽ መልካሳ እየተመላለሰ የሚሠራውም የሚለው ይቀራረባል። ድሮ እንዲህ አልነበረም ይባላል። ከዚያ ምክንያት ፍለጋው ይቀጥላል። አንዱ ሙቀቱን ይከሳል፣ ሌላው ጎርፉን፣ ሌላው ደግሞ ከመተሐራ ቆላ ወጥቶ የመጣ ነው ብሎ ይደመድማል።

ወሬውን የምንቅ ሰው አይደለሁም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላልና ከሚወራው ግማሹ የድንጋጤ ሊሆን ይችላል። ቀሪው ግማሽ ግን በዓለም ዙሪያ ተመራማሪዎች እየተከራከሩበት ካለ ጉዳይ ጋር ይገናኛል፦ የመርዘኛ እባቦች የመኖሪያ ወሰን እየተለወጠ ነው ወይ? ተለወጠ ስንልስ የተንቀሳቀሰው ማን ነው? ሁለቱም ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ችግሩ ሰውና እባብ የሚሄዱበት ፍጥነት አንድ አለመሆኑ ነው። በአዳማ ዙሪያ ቀድሞና ፈጥኖ የተንቀሳቀሰው ሰው ነው። እባቡም ይንቀሳቀሳል፣ ግን ቀስ ብሎ። ከቦታው ያልተነቃነቀው ሕክምናው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት ፕላኔተሪ ሄልዝ በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ለሰው ጤና አደገኛ የሆኑ 209 የእባብ ዝርያዎችን ወስደው፣ እያንዳንዱ ዛሬ የሚኖርበትን የሙቀትና የዝናብ ሁኔታ ለኮምፒውተር አስተምረው፣ በ2070 ያ ሁኔታ የት እንደሚገኝ አስሉ። ዜናው በየቦታው «መርዛማ እባቦች ሊሰደዱ ነው» ተብሎ ተሠራጨ። የጥናቱ ውጤት ግን እንዲያ በአንድ ወገን የሚጠቃለል አልነበረም። ብዙዎቹ ዝርያዎች የሚኖሩበት ቦታ ይጠብባቸዋል፤ እንዲያውም ከመኖሪያቸው 70 በመቶ በላይ ሊያጡ የሚችሉ አሉ። ጥቂቶች ደግሞ ይሰፋላቸዋል። ለምሳሌ በምዕራብ አፍሪካ ጫካዎች የሚኖረው ጋቦን እፉኝት ወሰኑ እስከ 250 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል ተተንብዮአል። ከጎረቤት አገር ብዙ አዳዲስ ዝርያዎች ይገቡባቸዋል ከተባሉት መካከል ኒጀር፣ ናሚቢያ፣ ኔፓል፣ ምያንማርና ቻይና ይገኛሉ። ኬንያና ኡጋንዳ ደግሞ በሌላ ምክንያት ተጠቅሰዋል፤ ገበሬው ብዙ፣ ገቢው ዝቅተኛ ስለሆነ፣ እባቡ ባይጨምር እንኳ ሰውና እባብ የሚገናኙበት ዕድል ይሰፋል።

እንዲህ ያለ ስሌት የሚበላው መረጃ ነው። እባቡ የት ታየ፣ መቼ ታየ የሚል መዝገብ ከሌለ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ዓለም አቀፉን ካርታ ዘርግቶ አዳማን በጣት ከመፈለግ ይልቅ ከራሱ ከአዳማ መነሣት ይሻላል።

እባብ የሰውነቱን ሙቀት ከውጭ የሚያገኝ ፍጡር ነው። ፀሐይ ይሞቃል፣ ሲበዛበት ጥላ ይገባል፤ ምግቡን የሚፈጨውም፣ እንቁላሉን ወይም ፅንሱን የሚያሳድገውም በዚያው ሙቀት ነው። በአገራችን ደግሞ ሙቀትን የሚወስነው ከሁሉ በላይ ከፍታ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው መተሐራ ሲደርሱ 950 ሜትር አካባቢ ነዎት። አየር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል ብለን ብናሰላ፣ የአንድ ዲግሪ ጭማሪ የቆላውን ወሰን 150 ሜትር ያህል ሽቅብ ይገፋዋል ማለት ነው። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ብቻ በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ይህ በከፍታ ሲመነዘር 200 ሜትር ገደማ ይሆናል። ወለንጪቲ ላይ የነበረው ሙቀት አዳማ ሊደርስ ተቃርቧል እንደማለት ነው።

ሙቀቱ ወጣ ማለት ግን እባቡ አብሮት ወጣ ማለት አይደለም። እባብ መደበቂያ ይፈልጋል፣ የሚበላው ይፈልጋል፣ በመሐል የሚያሻግረው መሬትም ይፈልጋል። ደግሞም «እባብ» በሚል አንድ ስም የምንጠራቸው ፍጥረታት ጠባያቸው የተለያየ ነው።

ትልቁን እፉኝት እንውሰድ። ወፍራም፣ አጭር ጅራት፣ ጀርባው ላይ የቀስት ራስ የመሰለ ጥለት ያለው፣ ሲቆጣ ሰውነቱን ነፍቶ እንደ ወናፍ የሚተነፍሰው ነው። አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ቡቲ ይለዋል። ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ እስከ ሰሐራ ዳርቻ፣ ከባሕር ጠረፍ እስከ 2,000 ሜትር በላይ ይኖራል። ስለዚህ እፉኝት አዳማ «መጣ» ማለት ትርጉም የለውም፤ ከተማዋ ስትቆረቆርም እዚያው ነበር። ይህን እባብ አደገኛ የሚያደርገው አለመንቀሳቀሱ ነው። ሌላው እባብ የሰው ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል፤ እፉኝት መልኩን ተማምኖ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሽታው እንኳ የማይያዝ መሆኑን አሳይቷል፤ የሠለጠኑ ውሾች የሌሎችን እባቦች ሽታ ሲለዩ የእፉኝቱን አልለዩም። «ግቢያችን ውሻ አለ» ለሚሉ ይህ ቢነገር ደግ ነው።

የሚወልደውም ብዙ ነው። የእፉኝት ልጅ የእናቱን ሆድ ቀዶ ይወጣል የሚለው የቆየ አነጋገር ከእንቁላል ይልቅ ግልገል መውለዷን ያየ ሰው የፈጠረው ይመስለኛል። እናቲቱ አትሞትም። በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ትወልዳለች፤ ከኬንያ ተወስዳ በቼክ የእንስሳት ማቆያ የነበረች አንዲት እፉኝት 156 ወልዳ ተመዝግባለች። ምግብ በተትረፈረፈበት ቦታ ይህ ዓይነት አወላለድ ምን እንደሚያስከትል መገመት አይከብድም።

ምግቡ ደግሞ አይጥ ነው። አይጥ ሲባል ወንጂ ይመጣል።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዱ ኩባንያ ሥር ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ በፊት ያ ሜዳ አዋሽ በክረምት የሚያጥለቀልቀው፣ በበጋ የሚደርቅ የግጦሽ መሬት ነበር። አገዳው ሲገባ ዓመቱን ሙሉ ውኃ፣ ዓመቱን ሙሉ ጥላ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚቆረጠም ጣፋጭ ግንድ አብሮ ገባ። አይጥ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? አገዳ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፣ ሥሩ በደረቅ ቅጠል ይሸፈናል፣ በመስኖ ቦዩ ዳር ጉድጓድ መቆፈር ይቀላል። እባብ አይጡን ተከትሎ ይገባል። ይህ የአየር ንብረት ለውጥ አይደለም፤ የእርሻ ለውጥ ነው። በዙሪያው ያሉ አብቃይ ማኅበራት ሲጨመሩ፣ ማሳው ወደ ዶዶታ በኩል ሲሰፋ፣ ለእባቡ የተመቸው መሬትም አብሮ ሰፋ።

ቆረጣው ሲደርስ ማሳው በእሳት ይለቀቃል። ቅጠሉ ይነድዳል፣ ግንዱ ይቀራል። እሳቱ የሚያስወጣው አይጥና እባብ ወዴት ይሄዳል? ወደሚቀጥለው ማሳ፣ ወደ ቦዩ፣ ወደ ሠራተኛው መንደር። ቆራጩ ደግሞ በማግስቱ ጠል ሳይረግፍ ገጀራውን ይዞ ይገባል። ቦት ጫማ ያለውና ሸበጥ ያደረገው ሰው በዚያ ማሳ ውስጥ የሚጋፈጡት አደጋ ፈጽሞ አንድ አይደለም፤ አብዛኛው ንክሻ ከጉልበት በታች ነውና። እንደ እኔ አስተያየት በአዳማ ዙሪያ ለእባብ ንክሻ የሚወጣ አንድ ብር ካለ መጀመሪያ ለቦት ጫማ መዋል አለበት።

ከተማዋ ራሷ ሁለተኛዋ ተንቀሳቃሽ ናት። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ጎድጓዳ ቦታ ናት፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ከኮረብታው ወርዶ መሐል ከተማ የሚገባው ለዚህ ነው። ፈጣን መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ግንባታው ወደ ኮረብታው እግርና ወደ እርሻው ጠርዝ ገፍቷል። ቁጥቋጦው ይመነጠራል፣ ድንጋዩ ይፈለጣል፣ በምትኩ የብሎኬት ክምር፣ የተራገፈ አፈር፣ ለዓመታት ያልተጠናቀቀ ጅምር ይቆማል። ቆሻሻ በየሸለቆው ይጣላል። ከድንጋይ ሥር የወጣው እባብ የብሎኬት ክምር ሥር ይገባል፤ አይጡም እዚያው ይጠብቀዋል። የቤቱ ባለቤት ሲገባ «እባብ መጣብኝ» ይላል። እባቡ ቋንቋ ቢኖረው ምን ይል እንደነበር ለአንባቢ ልተወው።

ውኃም የራሱ ድርሻ አለው። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በ2000ዎቹ ከ40 አለፈ። ከመስኖ የሚተርፈው ውኃና የከርሰ ምድሩ ከፍ ማለት በምክንያትነት ይነሣሉ። ሐይቁ የግጦሹን መሬት ዋጠ፣ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን አስጨነቀ። በዚያ መሬት ጉድጓድ የነበረው ሁሉ፣ እባብ ጭምር፣ ወደ ደረቁ ጠርዝ መውጣት ነበረበት፤ ሰውም የሸሸው ወደዚያው ጠርዝ ነው። አዋሽ ከቆቃ በታች ሞልቶ ወንጂ ዙሪያ ሲፈስም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ጎርፍ እባብን አዲስ አገር አያገባም፤ ያለውን ሁሉ ከሰው ጋር በአንድ ጉብታ ላይ ያስቀምጠዋል።

በሌላ የአገራችን ጫፍ ይህን ነገር የበለጠ የሚያሳይ ቦታ አለ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በምዕራብ ጎንደር አብደራፊ ላይ የእባብ ንክሻንና ካላዛርን ለዓመታት ሲያክም ቆይቷል። ታካሚዎቹ በብዛት ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ሜዳ ላይ ያድራሉ፣ በባዶ እግር ያርማሉ። እዚያ የእባቡ ወሰን አንድ ሜትር መንቀሳቀስ አላስፈለገውም። ሰው በየዓመቱ ወርዶ ይገናኘዋል።

ታዲያ የሙቀቱን ነገር ጨርሰን እንተወው? አይደለም። ሊወጡ የሚችሉ አሉ። በአዋሽ ሸለቆ ቆላ ውስጥ ኤኪስ የሚባል ትንሽ እፉኝት አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፣ ሲቆጣ ተጠቅልሎ ቅርፊቱን እርስ በርሱ እያፋተገ እንደ ዘይት ጥብስ ይንጫጫል። ደረቅና ሞቃት ድንጋያማ መሬት ይወዳል። መርዝ የሚተፋው ቀይ ኮብራም የቆላ ነው። ጥቁር ማምባም በምሥራቅ አፍሪካ በአመዛኙ ከ1,500 ሜትር በታች የሚገኝ ነው። ለእነዚህ ከመተሐራ በወለንጪቲ ወደ አዳማ የሚወጣው ዳገት የሙቀት መሰላል ነው። ከአፋር ጀምሮ የአዋሽን ዳር ተከትሎ የሚዛመተው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ መጠለያ ይሰጣል። ለአዳማ የወሰን ለውጥ የሚባል ነገር ካለ መፈለግ ያለበት በትልቁ እፉኝት ላይ ሳይሆን በእነዚህ ላይ ነው።

በተቃራኒው ሽቅብ ሄደው ቦታ የሚያልቅባቸው አሉ። በባሌ የሐረና ጫካ የምትገኘው እፉኝት ለሳይንስ በስም የተመዘገበችው ገና እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ጫካ የምትገኘው ሌላዋ የኢትዮጵያ እፉኝት ደግሞ በ1970ዎቹ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ የሉም። ጫካው ሲመናመንና ሙቀቱ ሲወጣ የሚቀጥለው መድረሻቸው የተራራው አናት ነው፣ ከዚያ በኋላ አየር ብቻ ነው። ስለ እባብ ወሰን ለውጥ ሲወራ እነዚህ አይነሡም፤ የሚያስፈራው ብቻ ነው ዜና የሚሆነው።

አንዳንዴ ደግሞ ካርታው የሚቀየረው ማንም ሳይንቀሳቀስ ነው። በኬንያ፣ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ቆላ የሚኖረው ግዙፉ መርዝ ተፊ ኮብራ እ.ኤ.አ. እስከ 2007 ድረስ የሌላ ዝርያ አካል ተደርጎ ነበር የሚቆጠረው። በዚያ ዓመት ለብቻው ዝርያ መሆኑ ታወቀ፤ በአንድ ቀን አንዱ ወሰን ጠበበ፣ ሌላ ወሰን ተወለደ።

ይህ ሁሉ ለተነከሰው ሰው ምን ይጠቅመዋል? የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንክሻን እ.ኤ.አ. በ2017 ችላ ከተባሉ የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ፣ በ2019 ደግሞ ሞትና የአካል ጉዳትን በ2030 በግማሽ የመቀነስ ዕቅድ አውጥቷል። በግምቱ መሠረት በዓለም በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ንክሻ ይሞታል፤ እጅና እግሩን የሚያጣው ወይም ለዘለቄታው የሚጎዳው የዚህ ሦስት እጥፍ ነው። መድኃኒቱ የመርዝ ማርከሻው ነው። የሚሠራው የእባብ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ለፈረስ ተሰጥቶ ፈረሱ ከሚያመነጨው መከላከያ ነው። ስለዚህ ማርከሻው የሚያውቀው ፈረሱ ያየውን መርዝ ብቻ ነው።

ወሰን ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። በደቡብ አፍሪካ የሚመረተው ለብዙ ዝርያ የሚሆን ማርከሻ ለትልቁ እፉኝት፣ ለማምባና ለበርካታ ኮብራዎች ይሠራል። ለኤኪስ ግን አይሠራም፤ ለእሱ ሌላ ማርከሻ ያስፈልጋል። በጋና አንድ ሆስፒታል ሲጠቀምበት የቆየውን ማርከሻ በእስያ እባቦች መርዝ በተሠራ በሌላ ሲተካ፣ ከ2 በመቶ በታች የነበረው የታካሚዎች ሞት ወደ 12 በመቶ ገደማ ወጣ። ጠርሙሱ «የእባብ ማርከሻ» ይላል፣ የሚረታው ግን የሌላ አገር እባብ መርዝ ነው። ለአፍሪካ በሰፊው ይሠራ የነበረው ፋቭ አፍሪክ ደግሞ አምራቹ ሳኖፊ ምርቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አቁሞ፣ የመጨረሻው ክምችት በ2016 ጊዜው አልፎበታል። ገበያው ለድሃ ገበሬ መድኃኒት መሥራት አያዋጣኝም አለ። እንደዚህ በግልጽ ሲነገር ያስቆጣል፤ የሆነው ግን ይኸው ነው።

በሰፈር የሚሰጠው የመጀመሪያ እርዳታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉዳቱን ያባብሰዋል። በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር በእፉኝት ንክሻ ጊዜ ሥጋ የሚበላውን መርዝ እዚያው አጉሮ እግሩን ያሳጣል። በምላጭ መብጣት ደሙ አልረጋ ላለው ሰው መድማትን ይጨምራል። መምጠጥ አይረዳም። ቀለበትና አምባር ማውለቅ፣ የተነከሰውን እግር ወይም እጅ ሳያንቀሳቅሱ በእንጨት ደግፎ ባጃጅም ሆነ የተገኘውን ተሳፍሮ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው ያለው። ኮብራ ዓይን ላይ ከተፋ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ። ለልጅ የሚሰጠው ማርከሻ መጠኑ ከአዋቂ አያንስም፤ እባቡ መርዙን በኪሎ መዝኖ አልሰጠውምና። የሞተውን እባብ በፌስታል ይዞ መምጣትም ቢቀር ይሻላል፤ ሞተ የተባለ ራስ ሊነክስ ይችላል።

ታዲያ እባቡ ተይዞ ወደ ሆስፒታል ካልመጣ፣ ኤኪስ ከቆላው መውጣት አለመውጣቱ በምን ይታወቃል? ተመራማሪ በየድንጋዩ ሥር ማሰማራት ውድ ነው። ርካሽ መንገድ አለ፣ ያውም በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል። 2 ሚሊ ሊትር ደም ከታካሚው ተወስዶ በአዲስ፣ ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይደረጋል። 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚያ ቱቦው አንዴ ይዘነበላል። ደሙ ካልረጋና ከፈሰሰ በእኛ የአፍሪካ ክፍል ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ኤኪስ ነው። የፕላስቲክ ቱቦ አይሆንም፣ በሳሙና የታጠበም ያሳስታል። ምርመራው የተፈጠረው ለሕክምና ውሳኔ ነው፤ ውጤቱ ከቦታ ጋር ከተጻፈ ግን የእባቡ ካርታ ይሆናል።

ችግሩ «ከቦታ ጋር» የሚለው ላይ ነው። የሆስፒታል ካርድ የሚይዘው የታካሚውን አድራሻ ነው። አርሲ ተወልዶ፣ መተሐራ አገዳ ሲቆርጥ ተነክሶ፣ ወደ አዳማ ሪፈር የተባለ ሰው በመዝገቡ ላይ አርሲ ይሆናል። እባቡ ግን መተሐራ ነበር። በካርዱ ላይ አንድ መስመር፣ «የተነከሰበት ቀበሌ» የሚል፣ ቢጨመር ወጪው የቀለም ነው። ከወለንጪቲ ወደ ላይ ባለ ቀበሌ ተነክሶ ደሙ በ20 ደቂቃ ያልረጋ ሰው በዚያ መስመር ላይ መስፈር ከጀመረ፣ የቆላው እባብ ዳገቱን ለመውጣቱ የመጀመሪያው ተጨባጭ ምልክት እሱ ነው፤ በዚያው ሳምንት የአዳማ ፋርማሲዎች የማርከሻ ግዢ ዝርዝር ውስጥም የኤኪሱ መግባት አለበት።